የጥንት ግሪክ ፖለቲካ ፍልስፍና ውስጥ ያሉትን አፈ ታሪኮች እንዴት እናንብባቸው?

ፕሌቶን ማንበብ የጀመረ ሰው አንድ ቦታ ላይ ግራ መጋባቱ አይቀርም። ሶቅራጥስ ስለ ፍትህ ሲከራከር ይቆይና፣ ሰውየውን በጥያቄ ወጥሮ ይዞት ሳለ፣ ድንገት ክርክሩን ትቶ ታሪክ ማውራት ይጀምራል። ስለ ሙታን ዳኞች፣ ከመሬት ውስጥ ተሰርተው ስለወጡ ሰዎች፣ ምናምን። እዚጋ አብዛኛው አንባቢ ከሁለት አንዱን ነው ሚያደርገው፤ ወይ "ያው የድሮ ሰው እምነት ነው" ብሎ ገጹን ይዘለዋል፣ ወይ ደግሞ እንደ እንቆቅልሽ ሊፈታው ይቀመጣል፣ ይሄ የነፍስ ምልክት ነው ያኛው የመንግስት ምልክት ነው እያለ። በሁለቱም መንገድ ፖለቲካው ያመልጣል። እኔ እንደማምነው ፕሌቶ የፖለቲካ ሀሳቦቹን አጥብቆ ሚፈትናቸው እነዚህ ታሪኮች ውስጥ ነው፣ ራሱ ሪፐብሊክ ውስጥ በቃል የገነባትን ከተማ ጭምር። ስለዚ ይሄ ጽሁፍ ሪፐብሊክን ወይ ጎርጊያስን፣ ሁለቱም የፕሌቶ ውይይቶች ናቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ሰው ነው፣ ታሪኩ ጋ ሲደርስ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት።

አንድ ቀላል ነገር በቅድሚያ። መጽሐፍ ስትመርጡ በገጹ ጎን ላይ ቁጥር ያለው እትም ይሁን። ቁጥሮቹ ሄንሪ ኤስቲዬን እ.ኤ.አ. በ1578 ጄኔቫ ላይ ካሳተመው የፕሌቶ እትም የመጡ ናቸው፣ ትርጉሙ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ቁጥሩ አይቀየርም፣ እኔም ከዚህ በታች 414 ወይ 614 ስል እነሱን ማለቴ ነው። ቁጥር የሌለው እትም ከያዛችሁ ታሪኮቹን አንዱን ከሌላው ጋር ማስተያየት በጣም ያደክማችኋል፣ እና ዋናው ስራ ማስተያየቱ ነው።

ግሪኮች ጋ አፈ ታሪክ የህዝብ ጉዳይ ነበር

ይሄን ሳይይዙ መጀመር አይቻልም። አቴናውያን "እኛ ከሌላ ቦታ መጥተን የሰፈርን አይደለንም፣ ከዚሁ አፈር የበቀልን ነን" ይሉ ነበር፣ ከመሬት ተወለደ የሚባለው ንጉሥ የኤሪክቶኒዮስ ታሪክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፣ በጦርነት ለሞቱ ወታደሮች በሚደረገው የቀብር ንግግር ላይ ሳይቀር ይሄ የመሬት ልጅነት ይወደስ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 ገደማ የአቴንስ መሪ የነበረው ፔሪክሊስ ባቀረበው ህግ አንድ ሰው ዜጋ ለመሆን እናቱም አባቱም አቴናውያን መሆን አለባቸው ተብሎ ሲወሰን፣ እንዲህ ያለ ትውልድ የሚቆጥር ታሪክ ለሰሚው ምን ያህል ቅርብ እንደነበር አስቡት። የቀርጤስ ሰዎች ደግሞ ህጋችንን ንጉሣችን ሚኖስ ከዜውስ ነው የተቀበለው ይላሉ፣ ስፓርታዎች ከአፖሎ ነው ይላሉ፣ ፕሌቶ ህግጋት የሚለውን ትልቁን መጽሐፉን የሚከፍተውም በዚሁ ጥያቄ ነው፣ ህጋችሁን ያወጣላችሁ አምላክ ነው ወይስ ሰው? የሆሜር ግጥምም በፓናቴናያ በዓል ህዝብ በተሰበሰበበት በቃል ይወርድ ነበር።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ኤውቲፍሮ የሚለውን አጭር ውይይት ተመልከቱ። ኤውቲፍሮ አባቱን በነፍስ ግድያ ለመክሰስ ፍርድ ቤት መጥቷል፣ ሶቅራጥስ ደግሞ እዛው የራሱ ክስ ጉዳይ አለበት፣ በኋላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ሞት የሚፈረድበት ክስ ማለት ነው። አባትህን መክሰስህ ትክክል መሆኑን በምን አወቅክ ሲባል ኤውቲፍሮ ምን ይመልሳል? ዜውስ አባቱን ክሮኖስን አስሮት የለም ወይ፣ ክሮኖስስ የራሱን አባት ሰልቦት የለም ወይ፣ ታዲያ እኔ ሳደርገው ለምን ይገርማችኋል ነው ሚለው። በቃ ታሪኩን እንደ ህግ አንቀጽ ነው የጠቀሰው! ከዚህ በኋላ ሪፐብሊክ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ (377 እና 378) ሶቅራጥስ ይሄንኑ የኡራኖስና የክሮኖስን ታሪክ ለልጆች አትንገሩ ሲል ስታነቡ ነገሩ የጣዕም ጉዳይ እንዳልሆነ ይገባችኋል። ታሪኩ ቤት ውስጥም ፍርድ ቤት ውስጥም ስራ እየሰራ ስለነበረ ነው። ፈላስፋው አፈ ታሪክን ዝም ብሎ መተው አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም እሱ ቢተወው ሌላው አይተወውም።

ማን ነው ሚያወራው፣ ለማን ነው?

ታሪኩ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ። ፕሌቶ በውይይቶቹ ውስጥ በራሱ ስም አንድም ቦታ አይናገርም፣ ሁሌም የሆነ ሰው ነው ለሆነ ሰው ሚናገረው፣ እና ተናጋሪው ምን እንደሚፈልግ ካላወቃችሁ ታሪኩን ግማሹን ነው ያነበባችሁት።

ለመጀመር ምርጡ ፕሮታጎራስ ነው፣ ከ320 እስከ 328። ፕሮታጎራስ ከአብዴራ የመጣ፣ እየከፈሉት ሚያስተምር ታዋቂ ሰው ነው፣ ሀብታሙ ካሊያስ ቤት በአድናቂዎች ተከቦ ተቀምጧል። ሶቅራጥስ አንድ ከባድ ጥያቄ አቀረበለት። አቴናውያን ጉባኤያቸው ላይ ስለ መርከብ ስራ ሲወያዩ መርከብ ሰሪ ብቻ ነው ሚሰሙት፣ ሌላ ሰው ሊናገር ከሞከረ ያስወርዱታል፣ ስለ ከተማዋ አስተዳደር ሲሆን ግን አንጥረኛውም ጫማ ሰሪውም ነጋዴውም ተነስቶ ይናገራል ማንም የት ተማርክ አይለውም፣ ስለዚ ይሄ ነገር ትምህርት የለውም ማለት ነው አይደል? ጥያቄው ወጥመድ አለው። ፕሮታጎራስ "አዎ ሁሉም ያውቀዋል" ካለ እሱን ማን ከፍሎ ይማርበታል፣ "የለም ጥቂቶች ብቻ ናቸው ሚያውቁት" ካለ ደግሞ ያስተናገደችውን ዴሞክራሲያዊ ከተማ መስደቡ ነው።

እሱም በታሪክ ልንገራችሁ ወይስ በክርክር ብሎ ጠይቆ፣ ታሪኩ ደስ ይላል ብሎ ጀመረ። ኤፒሜቴውስ ለእንስሳት ሁሉ ችሎታ ሲያድል፣ ለአንዱ ጥፍር ለአንዱ ፍጥነት ለአንዱ ወፍራም ቆዳ እየሰጠ፣ ሰው ጋ ሲደርስ እጁ ባዶ ሆነ። ሰው ራቁቱን ያለ ጫማ ያለ መሳሪያ ቀረ። ወንድሙ ፕሮሜቴውስ ከአማልክቱ ከሄፋይስቶስና ከአቴና እሳትንና የእጅ ጥበብን ሰርቆ ሰጠው። ሰው ቤት ሰራ፣ ልብስ ሰራ፣ ቋንቋ አበጀ፣ ግን ተበታትኖ ስለሚኖር አውሬ ይጨርሰው ነበር፣ ተሰብስቦ ከተማ ሲመሰርት ደግሞ እርስ በርሱ እየተበዳደለ እንደገና ይበተናል። ዘሩ ሊጠፋ ሲል ዜውስ መልእክተኛውን ሄርሜስን ጠርቶ ይሉኝታንና ፍትህን ለሰዎች አድርስ አለው። ሄርሜስ ጠየቀ፣ እንደ ህክምና ለጥቂቶች ልስጥ፣ አንድ ሐኪም ለብዙ ሰው ይበቃል፣ ወይስ ለሁሉም? ዜውስ ለሁሉም አለ፣ ጥቂቶች ብቻ ከያዙት ከተማ አይቆምም፣ መካፈል ያልቻለ ሰው ካለ ደግሞ ለከተማዋ በሽታ ነውና ይገደል።

አሁን ተናጋሪውን እያሰባችሁ ድገሙት። ታሪኩ ጫማ ሰሪው ጉባኤ ላይ ለምን እንደሚናገር አስረዳ፣ አቴንስ ተከበረች። ወዲያው ከታሪኩ ቀጥሎ ግን ፕሮታጎራስ ወደ ክርክር ይመለስና ይሄ ነገር ከህፃንነት ጀምሮ በእናት፣ በአባት፣ በአስተማሪ፣ በህግ ይሰጣል ይላል፣ እንግዲህ የአስተማሪ ቦታም ተገኘ። ዜውስ ለሁሉም ከሰጠ ማስተማሩ ለምን አስፈለገ? ያቺ የመጨረሻዋ የግድያ ህግስ፣ ሁሉም ከያዘው ማንን ለመግደል ነው? እዚህ ስንጥቅ ላይ ቆዩ። እኔ በበኩሌ ይሄ ታሪክ ተንኮል ብቻ ነው የሚሉትን አልቀበልም። የዴሞክራሲ ተቺ የነበረው ፕሌቶ በጽሁፎቹ ውስጥ ለዴሞክራሲ ካስቀመጠው መከላከያ ይሄን ሚያህል ጠንካራ የለም፣ ከተማ ምን ያህል ቴክኖሎጂ ቢኖራት ሰው ሰውን ካላፈረ አትቆምም የሚለው ሀሳብ እስካሁን ማንም ያልጣለው ነው።

ከታሪኩ በፊት ያለውን ገጽ ተመልሳችሁ አንብቡ

ታሪክ ሚመጣው ክርክሩ የሆነ ቦታ ሲሰበር ነው። የት እንደተሰበረ ካወቃችሁ ታሪኩ ምን ሊጠግን እንደመጣ ታውቃላችሁ።

ጎርጊያስ ላይ ካሊክሊስ የሚባል ጎበዝ፣ ንቁ፣ ስልጣን ሚወድ ወጣት አለ። ጠንካራው ደካማውን መግዛቱ የተፈጥሮ ፍትህ ነው፣ ህግ ደካሞች የፈጠሩት ማሰሪያ ነው ይላል። ሶቅራጥስ እየተከራከረ ያዳክመዋል ግን አያሳምነውም፣ 505 አካባቢ ካሊክሊስ በቃኝ ይላል፣ ሶቅራጥስ ብቻውን እየጠየቀ ብቻውን ለመመለስ ይገደዳል። መከራከሪያው አላለቀበትም፣ ሰሚው ነው የዘጋው። ከዛ በኋላ 523 ላይ የሙታን ፍርድ ይመጣል፣ ሶቅራጥስም አንተ ተረት ልትለው ትችላለህ እኔ ግን እንደ እውነት ነው የምነግርህ ይለዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በክሮኖስ ጊዜና በዜውስ መጀመሪያ ላይ ሰዎች የሚፈረድባቸው ከመሞታቸው በፊት፣ በህይወት እያሉ ነበር፣ ዳኞቹም በህይወት ያሉ ነበሩ። ፍርዱ ተበላሸ። ምክንያቱም ተከሳሹ ልብስ ለብሶ ነው ሚቀርበው፣ መልኩ፣ ዘሩ፣ ሀብቱ ልብሱ ነው፣ ብዙ ምስክርም ይዞ ይመጣል፣ ዳኛውም ራሱ አይንና ጆሮ ለብሷል። ዜውስ አሰራሩን ቀየረ፣ ሰው ይሙትና ራቁቱን ይቅረብ፣ ዳኛውም ሞቶ ራቁቱን ነፍስን በነፍስ ይመርምር። ሚኖስ፣ ራዳማንቲስና ኤያኮስ ዳኞች ተደረጉ። ነፍስ ራቁቷን ስትቀርብ በሀሰት መማልና በግፍ የተገረፈች ይመስል ጠባሳዋ ይታያል፣ ራዳማንቲስም የታላቁን የፋርስ ንጉሥ ነፍስ ይዞ የማን እንደሆነች ሳያውቅ ያያታል።

ይሄ በቀጥታ የአቴንስ ፍርድ ቤት ትችት ነው። ምስክር ደርድሮ፣ ቤተሰብ አቅርቦ፣ በንግግር ጥበብ ማሸነፍ፣ ውይይቱ በስሙ የተጠራው የንግግር አስተማሪ ጎርጊያስ ሚያስተምረው ይሄን ነው። እንዲያውም ሁለት ገጾችን ጎን ለጎን አድርጓቸው። 486 ላይ ካሊክሊስ ሶቅራጥስን ያስፈራራዋል፣ አንድ ተራ ሰው ይዞ ቢከስህ ፍርድ ቤት ቆመህ አፍህን ከፍተህ ጭንቅላትህ ዞሮብህ ምትናገረው ይጠፋሃል ይለዋል። 527 ላይ ታሪኩ ሲያልቅ ሶቅራጥስ ያንኑ ቃል ይመልስለታል፣ እዛኛው ዳኛ ፊት አፍህን ከፍተህ ጭንቅላትህ ሚዞርብህ አንተ ነህ ብሎ። ዛቻው ተገልብጦ ተመለሰ። ሌላ ብዙ ሰው ሚያልፈው ነገር ደግሞ 525 ላይ አለ፣ እዛ የማይድኑ ተብለው ለዘላለም ሚቀጡት አብዛኞቹ ነገስታትና አምባገነኖች ናቸው፣ ተራው ሰው ቴርሲቴስ እነሱ ውስጥ የለበትም፣ ምክንያቱም ያን ያህል ለመበደል ስልጣኑ አልነበረውም። ስልጣንን ለሚመኘው ለካሊክሊስ ከዚህ የበለጠ ምን ሊነገረው ይችላል? ስልጣን ላይ ሆኖ ፍትሀዊ መሆን ከባድ ነው፣ የሆኑ ጥቂቶች ግን አሉ ብሎ የአቴንሱን መሪ አሪስቴይዲስን በስም ይጠራል።

የድሮው ታሪክ ውስጥ ምን ቀየረ?

እነዚህ ታሪኮች ከባዶ አልተፈጠሩም። አድማጩ የድሮውን ቅጂ ያውቀዋል፣ ስለዚ ጆሮው ሚቆመው የተቀየረው ቦታ ላይ ነው። እኛ የድሮውን ስለማናውቀው ሁሉም እኩል አዲስ ይመስለናል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ የጥንቱን ገጣሚ የሄሲዮድን የሰው ዘሮች ታሪክ አንብቡ፣ አጭር ነው፣ የካድመስንም ታሪክ እወቁ።

ሄሲዮድ ጋ የሰው ልጅ በየተራ ነው የመጣው፣ መጀመሪያ የወርቅ ዘር፣ ከዛ የብር፣ ከዛ የነሐስ፣ ከዛ ጀግኖች፣ መጨረሻ ላይ የብረት፣ እሱ ራሱ ያለበት የመከራ ዘመን። ቴብስ ላይ ደግሞ ካድመስ የዘንዶ ጥርስ ዘራ፣ ታጥቀው የበቀሉት ሰዎች እርስ በርስ ተፋጁ፣ አምስት ብቻ ተረፉ።

አሁን ሪፐብሊክ ሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሂዱ፣ 414 እና 415። ሶቅራጥስ ለመናገር እያመነታ፣ እንዴት ደፍሬ እንደምለው አላውቅም እያለ፣ አንድ ታሪክ ለከተማዋ እንንገራት ይላል፣ ቢቻል ለገዢዎቹ ለራሳቸው፣ ካልሆነ ለቀረው ህዝብ። ያደጋችሁት የተማራችሁት ሁሉ እንደ ህልም ነው፣ በእውነቱ በምድር ሆድ ውስጥ ስትሰሩ ነበር፣ መሳሪያችሁም አብሮ፣ ምድር እናታችሁ ናት፣ ሁላችሁም ወንድማማች ናችሁ። ግን አምላክ ሲሰራችሁ ለመግዛት ለሚበቁት ወርቅ ቀላቅሏል፣ ለረዳቶቻቸው ብር፣ ለገበሬውና ለእጅ ባለሙያው ብረትና ነሐስ።

ምን ተቀየረ? ሄሲዮድ ጋ ብረታብረቱ የዘመን ቅደም ተከተል ነበር፣ እዚህ በአንድ ቀን በአንድ ከተማ አብረው ሚኖሩ ሰዎች ደረጃ ሆነ። ካድመስ ጋ ከመሬት የወጡት ተገዳደሉ፣ እዚህ ወንድማማች ሆኑ። አቴንስ "ሁላችንም ከአንድ መሬት ስለሆንን እኩል ነን" ትል የነበረውን ታሪክ ደግሞ ይወስድና እኩልነቱን አውጥቶ ወንድምነቱን ብቻ ያስቀራል። ይሄ ተራ ነገር አይደለም፣ ከራሷ ከአቴንስ ታሪክ ውስጥ ዴሞክራሲውን ነቅሎ ማውጣት ነው።

ብዙ ሰው ጠቅሶ ሚያቆመው እዚህ ነው፣ እባካችሁ ቀጥሉ። ቀጥሎ ወርቅ ከብር ሊወለድ ይችላል ብርም ከወርቅ ይላል፣ ገዢዎች ከምንም በላይ መጠበቅ ያለባቸው ይሄን ነው፣ የራሳቸው ልጅ ነሐስ ሆኖ ከተገኘ ሳይራሩ ወደ ገበሬዎቹ ያውርዱት፣ ከገበሬ ልጅ ወርቅ ከተገኘ ያክብሩት። ታሪኩ ዘርን ከስልጣን ጋር ያስራል ከማለታችን በፊት ይሄንን ማንበብ አለብን። በሌላ በኩል ፈላስፋው ካርል ፖፐር እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ታሪኩን ክፉኛ የተቸው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ብረቱን መርምሮ ሚወስነው ያው ገዢው ነው፣ ህዝቡ ገዢውን ሚመረምርበት መንገድ የለም፣ 389 ላይም ውሸት እንደ መድኃኒት ነው፣ ለገዢዎች ብቻ ይፈቀድ ተብሏል። ይሄን ሸፋፍኖ ፕሌቶን ማዳን ለፕሌቶም ክብር አይሆነውም። አሪስቶትልም ፖለቲካ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ (1264፣ አሪስቶትል የራሱ የገጽ ቁጥር አለው፣ ከፕሌቶ ቁጥር ጋር አታምታቱት) ታሪኩን በቀጥታ እንደ ክርክር ወስዶ ይመታዋል፣ ወርቁ በነፍስ ውስጥ ሁሌም የእነዛው ሰዎች ከሆነ ሁሌም እነዛው ናቸው ሚገዙት፣ ይሄ ደግሞ ምንም ክብር በሌላቸው ሰዎች መሀል እንኳን አመፅ ያመጣል፣ ልበ ሙሉ ተዋጊዎች መሀልማ ምን ይደረግ ይላል።

ሶቅራጥስ አብሮት የሚወያየውን ግላውኮንን ይሄን ሚያምኑበት መንገድ አለ ወይ ሲለው ግላውኮን እነሱ ራሳቸው አያምኑም፣ ልጆቻቸውና ከዛ በኋላ ሚመጡት ግን ምናልባት ሲል መለሰ። ይቺ መልስ አጭር ናት፣ ግን ስለ መንግስት ታሪኮች ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ ነገር ማግኘት ይከብዳል፣ ታሪኩ ከተሰራበት ቀን ይልቅ ከሁለት ትውልድ በኋላ ነው ሚጠነክረው። ስምንተኛው መጽሐፍ 546 ላይ ደግሞ ብረታብረቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ገዢዎቹ የወሊድ ጊዜ ተሳስተው ብረት ከብር ነሐስ ከወርቅ ሲደባለቅ ከተማዋ መፍረስ ትጀምራለች፣ ሄሲዮድም እዛ በስም ይጠራል።

ለዚህ ለቀየረው ነገር ፍለጋ ሌላ ጥሩ መለማመጃ የጊጌስ ቀለበት ነው፣ ሪፐብሊክ 359 እና 360። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ የመጀመሪያው መጽሐፉ ላይ ጊጌስ የንጉሡ የካንዳውሊስ ጠባቂ ነው፣ ንጉሡ ራሱ ሚስቴን ራቁቷን እይ ብሎ ያስገድደዋል፣ ንግሥቲቱ አውቃበት ወይ ግደለው ወይ ሙት ትለዋለች፣ ቀለበት የሚባል ነገር የለም። ግላውኮን ጋ እረኛ ነው፣ መሬት ተሰንጥቆ ገብቶ ከነሐስ ፈረስ ውስጥ ካለ አስከሬን ላይ ቀለበት ያገኛል፣ ፈርጡን ወደ ውስጥ ሲያዞረው አይታይም፣ ማንም ሳያስገድደው ንግሥቲቱን አማግጦ ንጉሡን ይገድላል። ግዴታው ወጣ፣ አለመታየት ገባ። ግላውኮን ሊጠይቅ የፈለገው ሰው ማንም ካላየውና ማንም ካላስገደደው ምን ያደርጋል የሚለውን ስለሆነ ሁለቱም ለውጦች ያስፈልጉት ነበር። (ዋሻው ደግሞ፣ 514 ላይ ያለው፣ ከዚህ ጎራ አይደለም፣ ሶቅራጥስ ራሱ እንደ ምስል ነው ሚያቀርበው፣ አምላክም የድሮ ዘመንም የለበትም። በሌላ መንገድ ይነበብ።)

ታሪኩ ክርክሩን ምን አደረገው?

ስቴትስማን በሚባለው ውይይት ላይ ታሪኩ ሚያገለግለው ስህተት ለማረም ነው። ከኤሊያ የመጣው እንግዳ ንጉሥ ማለት የሰዎች እረኛ ነው የሚል ትርጉም ላይ ደርሷል። ከዛ ቆም ይልና (268 እስከ 274) ዓለም አንዳንዴ ወደ ኋላ እንደምትዞር ያወራል፣ በክሮኖስ ዘመን ፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ ትሄዳለች፣ ሰው ከመሬት ሽማግሌ ሆኖ ወጥቶ ወደ ህፃንነት ያድጋል፣ አምላክ ራሱ እረኛቸው ነው፣ ከተማም ሚስትም ልጅም ምግብ ፍለጋም የለም። አሁን ግን በዛ ዘመን አይደለንም፣ ገዢውም እንደ ተገዢው ሰው ነው። ስለዚ "እረኛ" የሚለው ትርጉም የአምላክን ቦታ ለሰው የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ፣ መሪን እንደ አባት እረኛ ማየት ከየት እንደሚመጣና ለምን እንደሚያሳስት ታሪኩ አሳየ ማለት ነው። እንግዳው በኋላ 277 ላይ ታሪኩን ከሚገባው በላይ አስረዘምነው ብሎ ራሱ ይናገራል፣ ስለዚ እያንዳንዷን ዝርዝር ካልፈታሁ ብላችሁ አትጨነቁ።

አትላንቲስም እንዲሁ ነው። ሰው ካርታ ላይ ሰጠመች የተባለችውን ደሴት ይፈልጋል፣ ፕሌቶ ግን ቲማዮስና ክሪቲያስ በሚባሉት ውይይቶች ውስጥ ሁለት ከተማ ነው ያስቀመጠው፣ ሳይስ ላይ ያሉ የግብጽ ካህናት ለአቴንሱ ህግ አውጪ ለሶሎን ነገሩት በተባለ ታሪክ፣ ከሶሎን 9000 ዓመት በፊት የሆነ። አንደኛዋ በመሬቷ ሚኖሩ ልከኛ ተዋጊዎች ያሉባት የጥንት አቴንስ፣ ሌላዋ ወደብ፣ ቦይ፣ መርከብና ወርቅ የሞላባት፣ ሌሎችን ልትገዛ የተነሳች አትላንቲስ። ፕሌቶ በልጅነቱ ያያት የባህር ኃይሏ ገናና የነበረችው አቴንስ ከሁለቱ የትኛዋን ትመስላለች ብላችሁ አንብቡት፣ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ኤር

ሪፐብሊክ ሚያልቀው በዚህ ነው፣ ከ614 እስከ 621፣ እና እኔ ሪፐብሊክን ያነበበ ሰው ይሄን ሳያነብ አንብቤዋለሁ ባይል ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ሳትቆሙ አንዴ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፣ ከዛ ተመለሱ።

የጳምፊልያው ኤር ጦርነት ላይ ሞተ፣ በአስረኛው ቀን ሬሳዎች ሲነሱ የሱ ሳይበላሽ ተገኘ፣ በአስራ ሁለተኛው ቀን ሊቃጠል እንጨት ላይ እንዳለ ነቃና ያየውን ተናገረ። ዳኞች ፃድቁን ወደ ቀኝ ወደ ላይ፣ ግፈኛውን ወደ ግራ ወደ ታች ይልካሉ፣ እያንዳንዱ የሰራውን አስር እጥፍ ያገኛል፣ ጉዞው አንድ ሺህ ዓመት ነው። አባቱንና ታላቅ ወንድሙን የገደለው አምባገነን አርዲያዮስ ግን ሊወጣ ሲል መውጫው ያገሳበታል፣ እሳት የመሰሉ ሰዎች አስረው በእሾህ ላይ ይጎትቱታል።

ከዚህ በኋላ ነፍሶች የሚቀጥለውን ህይወታቸውን ሊመርጡ ከዕጣ ፈንታ አማልክት አንዷ በሆነችው በላኬሲስ ፊት ይቀርባሉ። ዕጣ ይወጣል፣ ዕጣው ተራን ብቻ ነው ሚወስነው፣ የህይወት ዓይነቶች ከነፍሶቹ ቁጥር በላይ ብዙ ሆነው መሬት ላይ ተዘርግተዋል። አዋጅ ነጋሪው ጥፋቱ የመራጩ ነው፣ አምላክ ጥፋት የለበትም ይላል፣ መጨረሻ ላይ የደረሰም ቢሆን አስቦ ከመረጠ ጥሩ ህይወት አለለት። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ሰው ሮጦ ሄዶ ከሁሉም ትልቁን የአምባገነን ህይወት አነሳ። ቆይቶ ሲያየው የራሱን ልጆች እንደሚበላ ተጽፎበታል። ደረቱን እየመታ አለቀሰ፣ ዕድሉን ወቀሰ፣ መናፍስቱን ወቀሰ፣ ራሱን ግን አልወቀሰም።

ይሄ ሰው ከየት ነው የመጣው? ከታች አይደለም። ከሰማይ ነው የወረደው! 619 ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ባለፈው ህይወቱ በደንብ በተደራጀ ከተማ ኖሮ፣ ያለ ፍልስፍና በልማድ ብቻ መልካም ሰው የነበረ ነው። ከታች ተሰቃይተው የመጡት ግን ራሳቸውም ስለተሰቃዩ ሌላውም ሲሰቃይ ስላዩ ሳይቸኩሉ ነው የመረጡት።

አሁን 414ን ክፈቱና ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት። የብረታብረቱ ታሪክ ሰዎችን በልማድና በእምነት መልካም ዜጋ ለማድረግ የተዘጋጀ ነው፣ አብዛኛው የዛች ከተማ ሰው ፍልስፍና አይማርም። በኤር ታሪክ ውስጥ ደግሞ በትክክል እንደዛ ያደገ ሰው፣ ማንም ሳይቆጣጠረው ምርጫ ሲሰጠው፣ አምባገነንነትን አነሳ። የጊጌስ ጥያቄ ማለት ነው እዚህ የተመለሰው፣ ማንም ካላየህ ምን ታደርጋለህ። በኔ ንባብ ፕሌቶ የመጨረሻውን ታሪክ የጻፈው የመጀመሪያውን እንዲፈትነው ነው፣ ጥሩ ከተማ ጥሩ ልማድ ትሰጣለች፣ ልማዱ ግን ስልጣን ፊት ለፊት ሲመጣ አይበቃም። ይሄን ሁለተኛ ደረጃ ነገር ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን መጽሐፉን በዚህ የዘጋ ሰው ሳያስበው ዘጋው ማለት አልችልም።

ኦዲሴዎስ የመጨረሻው ዕጣ ነው የደረሰው። የድሮ መከራውን ስለሚያስታውስ ዝናን ትቶ ሲፈልግ ቆየ፣ ሌሎቹ ንቀው የተዉትን ከፖለቲካ ርቆ በራሱ ጉዳይ የሚኖር ተራ ሰው ህይወት አገኘ፣ የመጀመሪያው ዕጣ ቢደርሰኝም ይሄንኑ ነበር ምመርጠው አለ። የራስን ስራ መስራት ደግሞ አራተኛው መጽሐፍ ላይ የፍትህ ትርጉም ሆኖ የቀረበው ነው። ይሄንንም አገናኙት።

አሪስቶትልና የንባብ ቅደም ተከተል

አሪስቶትል እንደ ፕሌቶ ታሪክ አይሰራም፣ ግን ስለ ታሪክ የሚለውን አትለፉት። ሜታፊዚክስ አስራ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ (1074) የሰማይ አካላት አማልክት ናቸው የሚለው ጥንታዊ ወግ አለ፣ የተቀረው ብዙሀኑን ለማሳመን፣ ለህግና ለጥቅም ሲባል የተጨመረ ነው ይላል። ፖለቲካ መጀመሪያው ላይ ደግሞ (1252) ሰዎች አማልክት ንጉሥ አላቸው ሚሉት እነሱ ራሳቸው በንጉሥ ስለሚገዙ ወይ ስለተገዙ ነው ይላል፣ ሰው የአማልክትን መልክ ብቻ ሳይሆን አኗኗራቸውንም በራሱ ነው ሚስለው። እሱ ጋ አፈ ታሪክ የድሮ መንግስት ማስረጃ ሆነ።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ፕሮታጎራስ ከ320 እስከ 328 በአንድ ቀን ያልቃል። ከዛ ጎርጊያስን ካሊክሊስ ከሚገባበት ከ481 ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው፣ ታሪኩን ብቻ ቆርጣችሁ አታንብቡ። ከዛ ሄሲዮድን፣ ከዛ ሪፐብሊክ ሁለተኛና ሦስተኛ መጽሐፍ፣ 546፣ እና አስረኛው። ስቴትስማን ከዚህ በኋላ ነው ሚቀለው። መጨረሻ ላይ ህግጋት አራተኛው መጽሐፍ 713 እና 714፣ ሁለት ገጽ ብቻ ነው፣ እዛ የክሮኖስ ዘመን እንደገና ይመጣል፣ ክሮኖስ ማንም ሰው ሙሉ ስልጣን ይዞ በትዕቢትና በግፍ ሳይሞላ እንደማይቀር ስላወቀ በሰዎች ላይ ሰው አልሾመም፣ ከሰው የተሻሉ መናፍስትን ሾመ፣ እኛ በከብት ላይ ከብት እንደማንሾም። አሁን እነሱ ስለሌሉ ከተማዋን ህግ ይግዛት ይላል። ይሄን ስታነቡ ስቴትስማንንም ሪፐብሊክንም ክፍት አድርጋችሁ አንብቡት፣ እዛ ሰውን ሊያነግስ የነበረው ጸሐፊ እዚህ ያንኑ ዘመን ጠርቶ ሰውን ከዙፋኑ ሲያወርደው ታያላችሁ።